ከማንጎው ሥር የተበላ ምሳ

ከደቡብ ሱዳን ስሻገር እኔ ድንበሩን አለፍኩ፤ የመምህርነት ዲፕሎማዬ ግን እዚያው ቀረ። ወረቀቱማ በቦርሳዬ ነበር። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ያሳየሁት ሁሉ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይሄ እዚህ አይሠራም» እያለ ይመልስልኝ ነበር። በመጨረሻ ባሮ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ቀጠረኝ፤ በስም ረዳት፣ በሥራ ግን የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ። አገሬ ላይ ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። ይህን ስናገር በመሀረብ አፋቸውን የሚሸፍኑ ስላየሁ ማውራቱን ቶሎ ተውኩት።

ከክፍሌ የኋላ ወንበር አራት ጎረምሶች ነበሩ፤ እንደ እኔው ከማዶ የመጡ ኑዌሮች። ጦርነቱ ትምህርታቸውን እያቋረጠባቸው አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ጢማቸው አቆጥቁጧል። ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አይገባም። ትንንሾቹ «አባባ» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እኔ ግን የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ሳያልፉ ከዚህ ግቢ አይወጡም ብዬ እልህ ይዞኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢቀርብኝ ይህ እንዲቀርብኝ አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ምገባ ተጀመረ። ምሳ ያገኘ ተማሪ አያቋርጥም ተባለ፤ ለብዙዎቹም እውነት ሆነ። ደንቡ አንድ ነው፤ ሁሉም በየክፍሉ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ፣ በመምህሩ ፊት ይበላል። ሳህን ከክፍል አይወጣም። ሩዝ በክክ ሲታደል የእኔ አራቱ እጃቸውን በጉልበታቸው መሀል ቀብረው ጥቁር ሰሌዳውን ያያሉ። «ብሉ እንጂ!» ሲባሉ «ጠግበናል» ይላሉ። ደወል ሲደወል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፣ ዓሣ ያገኙም እንደሆነ ያገኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወደሚሰጠው ሒሳብ ግን አይመለሱም።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። በእኛ ዘንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ዘመዱ ባልሆነች ሴት ፊት አይበላም። ነውር ነው። ፊት ለፊታቸው ደግሞ ያደጉ ልጃገረዶች ተቀምጠዋል፤ እኔም እናታቸው አይደለሁም። ይህንኑ ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት።

«አንቺ ገና እንግዳ ነሽ» አለኝ፤ ሌሎቹን መምህራን አንቱ የሚል ሰው ነው። «እዚህ አገር ወንድና ሴት እኩል ነው።»

«እኩል አይደለም እኔ አላልኩም» አልኩት በዚያን ጊዜው አማርኛዬ። «ርቧቸዋል ነው ያልኩ።»

«የራበው ይበላል» ብሎ ስልኩን አነሳ።

ተናደድኩ። በማግስቱ አራት ሳህን አስሞልቼ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጥኩና ሄድኩ። ጀርባቸውን ለግቢው ሰጥተው ጥርግ አድርገው በሉ። ከሰዓት በኋላ አራቱም ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እንዲህ ሰነበትን። ንባብ ሲባል አንገቱን የሚደፋው ረጅሙ ልጅ አንድ ቀን ራሱ እጁን አውጥቶ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ትንንሾቹም አላሾፉም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ እየዘፈንኩ ነበር።

ምገባውን የሚረዱት ሰዎች ለጉብኝት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንዷ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ዞር ስትል አራቱ ተነጥለው መሬት ላይ ሲበሉ አየች። ፎቶ አነሳች። «እነዚህ ለምን ተገለሉ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። በማስተምረው ቋንቋ መልሱን ልነግራት አፌን ስከፍት ርዕሰ መምህሩ ቀደመኝ።

«ረዳቷ ናት፤ እኛ አናውቅም።»

በማግስቱ በስብሰባ ላይ ተማሪ በጎሳ ለያይታለች ተባልኩ። እኔ ኑዌሯ፣ ኑዌሮቹን! ባልደረቦቼን አየኋቸው፤ ሁሉም የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። ማንጎው ሥር ሲበሉ ስንት ጊዜ አይተው «ጎበዝ፣ መላ አገኘሽ» ብለውኝ ነበር። እኔን መዋዕለ ሕፃናት ወስደው ፊደል አዘምሪ አሉኝ፤ ሳህኑም ወደ ክፍል ተመለሰ። አራቱ ጥቂት ቀን ጥቁር ሰሌዳውን ሲያዩ ሰንብተው ጠፉ። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ «አሁን ሁሉም ተማሪ እኩል ይበላል» ብሎ ተናገረ። አልዋሸም፤ የቀሩት ሁሉ እኩል ይበሉ ነበር።

በቅርቡ ረጅሙን ልጅ ባሮ ዳር አገኘሁት። ባጃጅ ያጥባል። በምሳ ሰዓቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ሊቆርስ ሲል ደረስኩበት። ሲያየኝ ዓሣውን በሸሚዙ ሸፍኖ ከጀርባው አደረገና ብድግ አለ።

«ቲቸር!»

«ምሳ በልተሃል?» አልኩት በቋንቋችን።

«ጠግቤያለሁ፣ ቲቸር።»

ተመለስ ልለው ነበር። የማታ ትምህርት አለ፣ እኔው ቤቴ አስጠናሃለሁ፣ ያነበብካትን ገጽ አልረሳኋትም፤ ይህን ሁሉ ልለው መንገድ ለመንገድ ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። እሱ ግን ቆሟል። ቀጣዩ ባጃጅ መጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ ባወራሁ ቁጥር የእሱ ምሳ ያልፋል።

«ደህና ዋል» አልኩት። ዞሬ ሳላይ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄድኩ፤ እንዲበላ።