«ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ?»

ትናንት ከምሳ በኋላ መብራት ሲመጣ ግቢው ሁሉ «ተመስገን!» አለ። «ውይ ጉዴ!» ብዬ የጮህኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጎንደር የምሠራበት ኮሌጅ ከሌላ መሥሪያ ቤት አሮጌ ሰርቨሮች ተሰጥተውታል። ሲነሱ ድምፃቸው ወፍጮ ቤት ነው። ሲዲ አያነቡ፣ ፍላሽ ቢሰኩባቸው አያዩ... ያለው አማራጭ በኔትወርክ ገመድ ከእኔ ላፕቶፕ ላይ ሲስተም መጫን ብቻ ነው። ይህን የሚሠራው ኢንስታለር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ለአዲስ ማሽን የተዘጋጀ ስለሆነ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሽማግሌዎቹ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «መልስ የለም» ብሎ ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። እንዲጠብቃቸው፣ ደጋግሞ እንዲሞክር፣ ለጠራው ማሽን ሁሉ «አቤት» እንዲል አደረግኩት።

ለጠራው ሁሉ... እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ገመድ መሰኪያ ቦታ ሲያልቅብኝ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብዬ ላፕቶፔን ከግቢው ሁሉ ኔትወርክ ጋር አገናኘሁት። መብራት ሄደ። መብራት መጣ። ሲስተም የጠየቁት ማሽኖች ስም ላፕቶፔ ላይ መደርደር ጀመረ። ሰርቨር አንድ... ሰርቨር ሁለት... ቀጥሎ «ሬጅስትራር»።

ክው አልኩ።

የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳና ሲስተሙን መጀመሪያ ከኔትወርክ ይፈልጋል። ከዚህ በፊት መልስ የሚሰጠው ስላልነበረ ወደ ራሱ ዲስክ ይመለስ ነበር። ትናንት ግን የእኔ ደግ ኢንስታለር «አቤት» አለው!

እዚያ ማሽን ላይ የተማሪው ሁሉ ውጤት ነው ያለው። ኮፒ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ... እዚያው ማሽን ላይ።

ገመዱን ነቀልኩ። ግን ኢንስታለሩ አንዴ ከገባ ገባ ነው፣ ገመድ መንቀል አይመልሰውም። አሁን እዚያ ማሽን ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ተጽፎ መልስ ይጠብቃል፦ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ? አንዲት ቁልፍ ተጭኖ አዎ ማለት ነው፣ በቃ። እኛ ግቢ ደግሞ ስክሪን ላይ ለመጣ ነገር ሁሉ አዎ ማለት ልማድ ነው። ማን ያነባል?

የሬጅስትራሩ ኃላፊ አያ መኳንንት ናቸው። ደወልኩ፣ አያነሱም። ደገምኩ፣ አያነሱም። ተነሥቼ ሮጥኩ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ አንድ ጫማዬ ሊቀር ነበር። «እመቤቴ ድረሽልኝ፣ እመቤቴ ድረሽልኝ» እያልኩ ነው የምሮጠው።

በራቸው ላይ መብራት ሲጠብቁ የቆዩ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ልገባ ስል አንዲት ልጅ ክንዴን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ ሰልፍ አለ እኮ! እኔ ከአዲ አርቃይ ነው የመጣሁት። ትራንስክሪፕቴን ዛሬ ካልያዝኩ የሥራ ምዝገባው ያልፈኛል።»

ምን ልበላት? ውጤትሽ ይኑር አይኑር እኔም አላውቅም ልበላት? «ይቅርታ የኔ እናት» ብዬ አልፌያት ገባሁ።

አያ መኳንንት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ነው።

«አያ! እንዳይነኩት!»

«ምነው ልጄ? ውሻ ነው እንዴ ያባረረሽ?»

«ጥያቄ... አንድ ጥያቄ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል። አነበብኩት።»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ይለኛል። ከየት ክፍል እንደመጣ አይናገር፣ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው፣ የፈረመበት ሰው የለው። እንዲያው በአፍ ስለተጠየቀ የሚጠፋ ሰነድ አለ? በደብዳቤ ይጠይቅና እናያለን ብዬ ተውኩት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማኅተሙ ደብዝዟል እያሉ ደብዳቤዬን ሲመልሱብኝ ስንቴ በልቤ የተራገምኩባቸው ሰውዬ ናቸው! ትናንት ወድቄ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ኢንስታለሬ ስለተነቀለ በራሱ ዲስክ ተነሣ... ውጤቱ ሁሉ አለ። የአዲ አርቃይዋ ልጅ ትራንስክሪፕቷን ይዛ ስትወጣ ገላምጣኝ ሄደች። እውነቷን ነው።

«ለመሆኑ ያ ጠያቂ ያንቺ ነው?» አሉኝ አያ መኳንንት።

«የኔ ነው አያ... ይቅርታ።»

«ሸጋ። እንግዲያስ ሥርዓት አስተምሪው።»

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የውጤቱን ኮፒ ሌላ ማሽን ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ኢንስታለሩን ሥርዓት አስተማርኩት። አሁን ዲስክ ከማጥፋቱ በፊት «የደብዳቤ ቁጥር ያስገቡ» ይላል። ካልተሰጠው ንክች አያደርግም። የሥራ ባልደረቦቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብኛል።

ይሳቁ... እኔ ኢንስታለሬን የመንግሥት ሠራተኛ አድርጌ ቀጥሬዋለሁ።