ቦቢን ያስተማርኩት

የተጀመረው ቅዳሜ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም የሻርኩትን ጾምና የቀናሁባቸውን ሰዎች ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ልታዝኑልኝ ካሰባችሁ ግን ከአሁኑ ተዉት፤ የማንም ኀዘኔታ አያስፈልገኝም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የያዝኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ከእናቴ ጋር ካዛንቺስ እንኖራለን፣ አምስት ቤተሰብ አንድ በርና አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ። የተሰጣ ልብስ እየተሰረቀ ስላስቸገረ እናቴ ውሻ ፈልጊ አለችኝ፤ ከሥራ ባልደረባዬ የሁለት ወር ቡችላ ተቀብዬ አመጣሁ። ስሙን ቦቢ አልነው።

በእኛ ግቢ ውሻ ክፉ እንዲሆን ቀን ቀን ጨለማ ውስጥ ታስሮ ነው የሚያድገው። እኔ የተማርኩ ነኝና እንደዚያ አላደርግም አልኩ። ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ ስለ ቡችላ አስተዳደግ ያገኘሁትን ሁሉ በወረቀት አስወጣሁና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። አትምቱት ይላል። የምትፈልጉትን ነገር ሲያደርግ ወዲያውኑ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ የሚበላ ስጡት ይላል። ያን ቅዳሜ በማለዳ ደምበል አካባቢ ወዳለ ሱቅ ሄጄ የናይለኑንና የቆዳውን የአንገት ቀበቶ እያገላበጥኩ ሻጩን አሰለቸሁት። በመጨረሻ አንገቱን እንዳይልጠው ብዬ ለስላሳውን የቆዳ ቀበቶ መረጥኩ። የሚታሰርበት ጠፍር፣ የማይገለበጥ ሳህን፣ ጥርሱ ሲያሳክከው የሚያኝከው የጎማ አጥንትም ጨመርኩ።

አራት ሰዓት ላይ ግቢ ስገባ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ግድግዳ የምንጋራቸው መበለት ናቸው። ዝምተኛ ስለሆንኩ «ዲዳዋ» ነበር የሚሉኝ። ፌስታሌን ከእጄ ወስደው ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጡ ቧንቧው ዙሪያ ለተሰበሰቡት ሴቶች አሳዩ።

«ኑ እዩ፣ ዲዳዋ ለውሻዋ ጥሎሽ ይዛለት መጣች! እናትየው በተጣፈ ቀሚስ፣ ውሻው በቆዳ ቀበቶ። በቃ ዘመኑ እንዲህ ሆነ። አንቺ፣ ለራስሽስ ጥሎሽ የሚያመጣልሽ መቼ ነው የሚመጣው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

መቼስ መልሼ አውቃለሁ? ዕቃዬን ለቅሜ ማድቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደባል፣ ያለቅሳል፣ ማታ ይረሳዋል። እኔ ጠንቃቃ ነኝ። እኔ አልረሳም።

እትዬ አስካለ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነበራቸው። ሲራመዱ ተረከዛቸውን እየመታ ጧ፣ ጧ ይላል፤ በግቢው ውስጥ እንደዚያ የሚጮህ ጫማ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶባቸው ሌላ ሰማያዊ ገዙ፤ አሮጌውን ጥንድ ቆሻሻ ላይ ጣሉት። ከቆሻሻው ላይ አንዱን አነሳሁ። አላጠብኩትም፤ ሽታቸው እንዳይለቅ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ ማድቤቱን ዘግቼ ቦቢን አስተምር ነበር። መጀመሪያ «ና» እና «ተቀመጥ» አስተማርኩት፤ በሦስት ቀን ያዘው። ቀጥሎ ጫማውን መሬት ላይ መታሁ። ጧ፣ ጧ። ዝም ሲል ምንም አልሰጠውም። ሲያጉረመርም ቁራጭ ሥጋ። ሲጮህ ሌላ ቁራጭ። ጫማውን ነክሶ ሲያራግፈውና ተመልሶ ፊቴ ሲቀመጥ ትልቁን ቁራጭ እሰጠውና ጆሮው ሥር አክከው ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልመታሁትም። ይህን እያሰብኩ የኮራሁበት ጊዜ አለ፤ አንድ ቀን እንኳን አልመታሁትም እያልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ የሚኮራው?

እትዬ አስካለ ሲያልፉ ቦቢ ታስሮ ይዘል ነበር። «ምን አድርጌው ነው ይሄ ውሻ?» ይላሉ። «ጥሎሹ አንሶት ይሆናል» ይላሉ ደግሞ፣ ሰው እንዲስቅላቸው። እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ሆዴ ውስጥ ግን ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያው መልስ ነበረ፤ እሳቸው ባይገባቸውም።

ቦቢ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ጠፍሩን ፈታሁት። ረስቼ አይደለም። እንዲያስደነግጣቸው ብቻ ነበር ብላችሁ ታምኑኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ራሴን አላምነውም። ከቧንቧው መልስ የጫማቸው ድምፅ ተሰማ። ቦቢ ሮጦ ባታቸውን ነከሰ፤ ባልዲው ተገለበጠ፤ እሳቸው «ልጆቼ፣ ድረሱልኝ» እያሉ ወደቁ። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ቦቢ ሰዉን ሁሉ አልፎ ወደ እኔ መጣ። ፊቴ ተቀመጠ። እጄን እያየ ጅራቱን ይቆላ ነበር። ሥጋውን እየጠበቀ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲያየው አንድም የገባው አልነበረም።

ጋሽ በላይ የሚባሉ ጡረተኛ፣ የግቢው ሽማግሌ፣ እትዬ አስካለን ክሊኒክ ወስደው አመሻሹ ላይ ተመለሱ። ሰውን ሁሉ ሰብስበው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ነርሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ውሻው ተነካክቶ ከነከሰ ታስሮ አሥር ቀን ይታያል፤ ደህና ከሆነ መርፌውም ይቀራል፣ እሱም ይተርፋል። ያለ ምክንያት ከነከሰ ግን አብዷል ማለት ነው። እትዬ አስካለ በየቀኑ ሆዳቸው ላይ ይወጋሉ፣ ውሻውም ይወገዳል። ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ምን ነካው?»

መልሱ ማድቤት ውስጥ፣ ከከሰሉ ጆንያ ኋላ ነበር። አንድ ጫማ። አውጥቼ ማሳየት ብቻ ይበቃ ነበር፤ መናገር እንኳን አያስፈልገኝም ነበር።

«አላውቅም፣ ጋሽ በላይ» አልኩ።

ዓይን አፋርነት ነው እንዳትሉኝ። ዓይን አፋርነቴን ስንት ጊዜ ተደብቄበታለሁ። ያን ጊዜ አፌ አልተያዘም፤ በደንብ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ነው የተናገርኩት። የተማረችው፣ ጨዋዋ ልጅ መባሉ እንዳይቀርብኝ አንድ ውሻና የአንዲት አሮጊት ሆድ ሰጠሁ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ ለብሼ ወጣሁ። እትዬ አስካለ እግራቸውን በፋሻ ጠቅልለው፣ ወደ መርፌው የሚወስዳቸውን ታክሲ በር ላይ ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንስሳ ነው፣ ምን ያውቃል። ማለቴ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ሌላ ታሳድጊያለሽ።»

እጃቸውን ያዝኩት።

ጋሽ በላይ ገመድ ይዘው ጓሮ ቆመዋል። ቦቢ ገመዱን አይቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሲጠጉት ይሸሻል።

«እኔን እምቢ አለኝ። አንቺን ነው የሚሰማው» አሉኝ።

ማድቤት ገብቼ ቁራጭ ሥጋ አመጣሁ። የሥራ ጫማዬ ጭቃ እንዳይነካው ቀሚሴን ሰብስቤ ቁጢጥ አልኩ።

«ና» አልኩት። መጣ።

«ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ።

ሥጋውን ሰጠሁት፤ በዚያችው ቅጽበት፣ ወረቀቱ እንደሚለው። እየበላ ሳለ ለገመዱ ቦታ እንዲሆን የቆዳውን ቀበቶ ከአንገቱ ፈታሁ። ጆሮው ሥር አከክሁት። ከዚያ ቧንቧው ላይ እጄን ታጥቤ፣ የሜክሲኮን ታክሲ ይዤ፣ ቢሮ በሰዓቱ ገባሁ።