ያልተጨመቀው ብርቱካን

ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏ ከአውቶቡስ ሹፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት አምስት ብርቱካን ጨምቃ በወንፊት አጥልላ ታቀርብለታለች። እሱም እንደቆመ ግጥም ያደርገዋል። የስኳር በሽታ ሲገኝበት መድኃኒት ታዘዘለት፤ እሷም ሻዩን ያለ ስኳር አደረገችና፣ «ፍሬ ምን ይጎዳል» ብላ በጭማቂው ላይ ሌላ ብርጭቆ ጨመረችለት። የደሙ ስኳር ግን አልወርድ አለ።

ክሊኒክ ሲሄዱ ነርሷ የሚበላውን አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ጭማቂው ላይ ሲደርሱ፣ «እማማ፣ ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን አሰር ጥለው ስኳሩን ብቻ እኮ ነው የሚሰጧቸው» አለቻት። «ብርቱካኑ እንዳለ ሲበላ፣ አሰሩ ስኳሩን ያዝ አድርጎ ቀስ በቀስ ነው ወደ ደም የሚለቀው።»

ሴትዮዋ ክው አለች። ወደ ባሏ ዞራ፣ «ላድንህ ስል ልገድልህ ነበር!» አለችው።

«ሠላሳ ዓመት መንገድ ያልገደለኝን?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ወንፊቱ ተሰቀለ። ጠዋት አንድ ብርቱካን ልጠው ለሁለት ይበላሉ፤ ነጩን ልባስም አይጥሉትም። በሦስተኛው ወር ስኳሩ ወረድ አለ፤ መድኃኒቱን ግን አላቋረጠም። እሷን ይበልጥ የገረማት ሌላ ነው። ማላመጥ ጊዜ ይወስዳልና፣ ዕድሜውን በጥድፊያ የኖረ ሰው አሁን ቁጭ ብሎ ያወራታል።