ትራስ ከጉልበት ሥር

ወይዘሮ አለምዘውድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የአንዲት ትንሽ ትራስ አፍ ይሰፋሉ። ነጭ ክር ስላጡ በጥቁር ነው። ውስጧን የሞሉት በአሮጌ ሹራብ ቁርጥራጭ ሲሆን፣ እንዳይቆረቁራቸው አዝራሮቹን አንድ በአንድ ፈትተው አውጥተዋል። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና በሩን አየት አድርገው ትራሷን ከቀኝ ጉልበታቸው ሥር ሸጎጧት። ሕመሙ ወዲያው ለቀቅ አለ።

የልጃቸው ሚስት ምስጢር፣ ለራሳቸው ከሚንተራሷት በቀር፣ ትራስ የሚባል ነገር ከዚያ ክፍል ሰብስባ ቆልፋባቸዋለች።

ጉልበቱ የተቀየረ ነው። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ባለችው ሱቃቸው ሲሚንቶ ላይ ቆመው በርበሬና ሽሮ ሲመዝኑ ኖረው፣ መጨረሻ ላይ አጥንት ከአጥንት ይፋጭ ጀመር። ሐኪሞች የተበላውን አውጥተው የብረት መገጣጠሚያ ተኩላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን ዓቢይን አሳድገው፣ አስተምረው አየር መንገድ ያስገቡት በዚያች ሱቅ ነው። አሁን ሱቋ ዝግ ናት፤ እሳቸውም ኪሱጉ ሰፈር፣ ምራታቸው ቤት ተኝተዋል። ዓቢይ ደግሞ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ ሰው ነው፤ ሁለቱን ሴቶች የሚያገላግል የለም።

ትራስ የከለከለችው በመጀመሪያ ደሊና ናት፤ ጉልበታቸውን እያጠፈችና እየዘረጋች የምታሠራቸው፣ ካምፓላ ያደገች ኤርትራዊት። ወይዘሮ አለምዘውድ ከጀርባዋ «ወታደሯ» ይሏታል። ፎጣ ተጠቅልሎ ከተረከዝ ሥር ይሁን፣ ከጉልበት ሥር ግን ምንም አይግባ ብላለች። ምስጢር ያንን ቃል ይዛ ቤቱን እስር ቤት አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ዛሂዳ ከሌሎች ሴቶች ጋር አጥሚት ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች።

«አረፍ በይ እንጂ አለሜ፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለች ዛሂዳ። ትራሷን ስታይ ደስ አላት። «እንዲህ ነው። ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ።» የራሷን ጋቢ አጥፋ ጨመረችበት።

ምስጢር ሻይ ይዛ ገባች። ትሪውን አስቀምጣ አንሶላውን ገለጥ አደረገችና ጋቢውንም ትራሷንም መዝዛ አወጣች።

«ይቺን ማን ሰፋት?»

«እጅ የለኝም መሰለሽ?»

«እጅማ አለዎት። የሚያጡት እግር ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ በሽተኛን እንዲህ አይናገሩም» አለች ዛሂዳ።

«እትዬ ዛሂዳ፣ ሻይዎ ይቀዘቅዛል።»

ሴቶቹ ሻዩን ጠጥተው ተነሱ። ሊወጡ ሲሉ ዛሂዳ ወደ ወይዘሮ አለምዘውድ ጆሮ ጠጋ አለች። «ናጉሩ ሰፈር አንዲት ጎበዝ ወጌሻ አለች። በቅቤ አሽታ ትዘረጋልሻለች። ነገ ይቺ ሥራዋ ስትሄድልሽ ባለሞተር ቦዳ ላኪባት፤ ይዟት ይመጣል።»

«እልካለሁ» አሉ ወይዘሮ አለምዘውድ።

በማግስቱ ግን ምስጢር ሳትወጣ ደሊና ደረሰች። እግራቸውን አስዘርግታ መዳፏን ከጉልበታቸው ሥር አሾለከች።

«ጉልበትዎ ፍራሹን አይነካም፤ እጄ ያልፋል እማማ። ማለፍ አልነበረበትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትራሱ ላይ ተመችቶት ታጥፎ ሊቀር ነው። እንዲህ ከደረቀ እያነከሱ ነው የሚሄዱት፤ ሱቅ ቆሞ መዋል አይታሰብም። ወይ እንደገና ኦፕሬሽን ነው።»

ወይዘሮ አለምዘውድ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ደስ አለሽ? ሱቄን ለእህትሽ ልታስረክቢ።»

«እህቴ በርበሬ ያስነጥሳታል» አለች ምስጢር። «እኔ የምፈልገው ድነው ወደ ሱቅዎ እንዲሄዱልኝ ነው። ወጥሽ ጨው በዛው፣ መጋረጃሽ ቆሸሸ ሲሉኝ መዋል በቃኝ። በእግርዎ ቆመው ይውጡልኝ።»

«ለእኔ አዝነሽ አይደለማ።»

«አይደለም።»

ደሊና መሬት መሬት አየች። ወይዘሮ አለምዘውድ ምስጢር ከገባችበት ቀን አንስቶ አንድም ቃሏን አምነዋት አያውቁም። ይህንን ግን አመኑ። ከቤቷ ልታስወጣቸው የቆረጠች ሴት አንካሳ አድርጋ አታስቀራቸውም። እነዛሂዳ ይወዷቸዋል፤ ቢተኙም ቢነሱም ግን ለነሱ ያው ነው፣ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ።

«ፎጣውን አምጪው» አሏት።

ምስጢር ፎጣውን ጥቅልል አድርጋ ከተረከዛቸው ሥር አስገባች። ደሊና እጇን ከጉልበታቸው በላይ አድርጋ ቀስ እያለች ወደ ታች ተጫነች። ወይዘሮ አለምዘውድ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ፤ ላብ በጆሮ ግንዳቸው ወረደ። በሌላው እጃቸው የጨበጡት የምስጢርን ክንድ ነበር።

«ቆዳዬን ላጡት እኮ» አለች ምስጢር።

«ቻይው። እኔም እየቻልኩ ነው።»

ደሊና ከሄደች በኋላም ፎጣው ከተረከዛቸው ሥር አልወጣም። ምስጢር ቦርሳዋን አንግታ፣ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትል፣ በሩን ደርግማ ወጣች። ወዲያው ስልካቸው ጠራ፤ ዛሂዳ ናት። ሴትየዋ ናጉሩ ተዘጋጅታ እየጠበቀች ነው፣ ቦዳውን ላክሽ ወይ ትላለች።

«ጉልበቴን እያሠራሁት ነው» ብለው ዘጉት። ጥርሳቸውን ነክሰው ጉልበታቸውን ወደ ፍራሹ ገፉት። ቦዳውን አልላኩትም።