ተራው ሰይድ ጋ እስኪደርስ

ከደሴ የተነሣነው ሰኞ ማለዳ ነው። ጉዳያችን ውሃ ነበር። ፔትር የሚባል የቼክ አገር የመስኖ ባለሙያ መርሳ አጠገብ ግራና በሚባል ቦታ ያሉትን የገበሬ ቦዮች ሊያይ መጥቶ፣ እኔ ለሳምንት አስተርጓሚው ሆኜ ተቀጠርኩ። ስለ ቦዮቹ እሱ ሪፖርት ጽፏል። እኔ የምጽፈው ሪፖርቱ ውስጥ ስላልገባው ነው።

ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን እያለፍን፣ ኬላ በደረስን ቁጥር ወርደን እየተፈተሽን፣ መርሳ ስንገባ ረፋዱ ግሎ ነበር። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ማንጎና ሙዝ የያዙ ልጆች መስኮቱን ከበቡት። ፔትር ከአንዲት ልጅ ማንጎ ገዛ። መኪናው ሲነሣ ልጅቱ አብራን እየሮጠች አንድ ተጨማሪ ማንጎ በመስኮት ወረወረችለት።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ ደንግጦ።

«ምራቂ ነው፤ ጥሩ ገዢ ነህ ማለቷ ነው» አልኩት። እስከ ወልድያ ድረስ ማንጎዋን እንደ ሽልማት ይዟት ሄደ።

ወልድያ፣ መናኸሪያው አጥር ሥር

ያረፍነው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሆቴል ነው። ክፍሉ ንጹሕ ሲሆን ውሃው ግን ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። የውሃ ባለሙያው በጆግ ታጠበ።

ከሆቴሉ እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ለፔትር አያልቅም። አንዱ ልጅ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ ኪሎውን እንዲያውቅ ይጋብዘዋል። አንዷ ሶፍትና ማስቲካ ትዘረጋለታለች። ሌላው ለባጃጅ ተሳፋሪ ይጠራል። ፔትር ለሁሉም ይቆምና ስማቸውን ይጠይቃል፣ እኔ እጎትተዋለሁ። በሰው አገር የልጅ ስም መጠየቅ ቀላል ነው። ስሙን ካወቁ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አያስተምርም።

ማክሰኞ ማታ ከግራና ስንመለስ የፔትር ቡትስ ጫማ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። በመናኸሪያው አጥር ሥር ሊስትሮዎች ሳጥናቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አልተጣሩም። ከጫፍ ያለ ቀጭን ልጅ ብቻ መቀመጫውን በእጁ ጠራርጎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጥ በሉት» አለኝ።

ስሙ ሰይድ ነው። ከግራና ወዲያ ካለ ቀበሌ ክረምቱን መጥቶ፣ የቀን ሥራ ከሚሠራ ወንድሙ ጋር ይኖራል። ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት ጫማ ይጠርጋል። ፔትር ግራና የሚለውን ቃል ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ አለው። ሰይድ በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ሲያደርግ እግር መቀየር እንዳለበትም ያን ማታ ተማረ።

ረቡዕ በቀጥታ ሰይድ ጋ ሄደ። ልጁ ግራ ቀኙን አየና፣ «ዛሬ እንኳ እዚያ ጋ ቢቀመጥ…» አለ። ተረጎምኩለት። ፔትር ግን ይሉኝታ መሰለው። ሆቴል የለመዳትን ቃል አውጥቶ «ደንበኛዬ!» አለና ተቀመጠ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። የሊስትሮዎቹ ሰልፍ ፊቱን ሲያዞርብን አይቻለሁ። ደክሞኝ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ዓርብ

ሰይድ ቦታው ላይ የለም። ከበሩ አልፎ፣ ቱቦው ዳር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሳጥኑን ገልብጦታል።

«ምነው ሰይድ?»

«ከሰልፉ ወጥቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ማን አወጣህ?»

በአገጩ ወደ ደሳለኝ አመለከተኝ። ደሳለኝ የሊስትሮዎቹ ተራ አስከባሪ ነው፤ ድምፁ ገና መጎርነን የጀመረ ጎረምሳ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በትሕትና አስረዳኝ።

«የከተማው ሰው ደንበኛ መያዝ ይችላል፣ ጋሼ። እንግዳ ግን የተራው ነው። ማክሰኞ ተራው የሰይድ ስለነበር ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ግን የሌላ ልጅ ነበር።»

«እሱ እኮ አልጠራውም!»

«አልመለሰውማ!»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው?»

«እሑድ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ይገባል። ሳጥን ይዞ የሚጠብቅ ሞልቷል።»

ሰይድ ከኋላችን ቆሞ ይሰማ ነበር። «ቦታ ከሌለኝ ወንድሜ አገር ቤት ግባ ይለኛል» አለ። «ትምህርቴ ደግሞ እዚህ ነው።»

ስተረጉምለት የፔትር ፊት ቀላ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ለሁሉም እንዲካፈል ብር ልስጥ አለ። ደሳለኝ ሳቀ። «ብሩን ማን ይያዘው? ደግሞ በሱ እንጣላ?»

ያን ማታ ፔትር ጭቃውን እንደያዘ ተኛ። እኔም አዘንኩ። ግን ተራ አስከባሪውን ልኮንነው አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ግራና

የመጨረሻ ቀናችን ነው። ከመርሳ ባጃጅ ይዘን ደረስን። ሸህ ይማም የውሃ አባት ናቸው፤ ቦዩ ዛሬ ወደ ማን ማሳ እንደሚዞር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሽሮ በማሽላ እንጀራ አብልተውን፣ ላዩ ላይ ፓፓያ አስከተሉ። ፔትር ከጥያቄዎቹ መሀል አንዱን ደጋግሞ እንድጠይቃቸው ወተወተኝ።

«አንድ ሰው ያለ ተራው ውሃ ወደ ማሳው ቢያስገባ ምን ታደርጋላችሁ?»

«መቼም ብር አንቀበለውም፤ ብር ማሽላ አያጠጣ» አሉ ሸህ ይማም። «ተራው ከቦዩ ራስጌ እንደ አዲስ ይጀመራል። ያ ሰው ጭራ ላይ ይሆናል።»

«ውሃው ጭራ ጋ ሳይደርስ ቢያልቅበትስ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እሱን እንግዲህ ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። ከወደዱት ያደርሱለታል። አላህ ያግራው።»

ፔትር ይህን አልጻፈውም። መርሳ ላይ ከባጃጁ ሲወርድ፣ «ነገ እኛም ከሰልፉ ራስጌ እንጀምራለን» አለኝ።

እሑድ፣ መልስ

ሻንጣችንን የደሴው ሚኒባስ ላይ ጭነን ሰልፉ ጋ ሄድን። ፔትር ደሳለኝ ፊት ተቀመጠ። ደሳለኝ ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ የቅዳሜንም የዓርብንም ጭቃ አጠበ። ከዚያ ፔትር ወደ ቀጣዩ ሳጥን፣ ከሱም ወደ ቀጣዩ ተሻገረ። ጫማው መስተዋት ከሆነ በኋላ እንኳ እያንዳንዱ ልጅ ገና ከእርሻ እንደመጣ አድርጎ ይጠርገው ነበር። ሳጥኑ ኳ ሲል ፔትር እግሩን ይቀይራል። ሰይድ ሳጥኑን ታቅፎ ከዳር ቆሟል። አጠገቡ ደግሞ አንድ አዲስ ልጅ፣ አዲስ ሳጥን ይዞ ይጠብቃል።

ሚኒባሱ ሞላ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ገና ግማሽ ሰልፍ ይቀረናል። ሹፌሩ ደጋግሞ ነፋና፣ «ፈረንጁን ጥሩ፤ አለዚያ ሻንጣውን አውርዱለት!» ብሎ ጮኸ። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ፔትር ወደ ሰይድ አየ፣ ሰይድ ወደ መሬት። እውነቱን ለመናገር አበቃ ብዬ ነበር።

ደሳለኝ ብሩሹን ጥሎ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የጮኸውን ሁላችንም ሰማን።

«ሹፌር፣ አንዴ! ተራ ይቀረናል!»

«የማን ተራ?»

«የሰይድ!»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ተወ። ልጆቹ ሳጥናቸውን ገፋ ገፋ አድርገው ከጫፍ ቦታ ከፈቱ። ሰይድ መጥቶ ተቀመጠ። ከሱ በፊት የነበሩት ቀለሙን ሳይቀቡ ብሩሽ ብቻ እያስነኩ ፔትርን አሳለፉት። ሰይድ የሚጠርገው ነገር አጥቶ ጫማውን አገላብጦ አየ። ከሶሉ ጠርዝ የደረቀ ጭቃ በእንጨት ፈልፍሎ አወጣና፣ «ይሄ የኛ አገር ነው» አለ። ከዚያ ሳጥኑን ኳ አደረገ።

ደሴ የገባነው ከሰዓት ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን አሳጥሬ ልንገራችሁ፦ እንግዳ አንድ ልጅ መርጦ ሲወድ ደግነት ይመስለዋል። እንግዳው ከሄደ በኋላ እዚያው የሚቀረው ግን ልጁ ነው።

በማግሥቱ ልሸኘው ስሄድ ፔትር ደሴ ካረፈበት ሆቴል በር ላይ ቆሞ፣ ሊስትሮዎች ከበውታል። በተሰባበረ አማርኛ፣ «ተራው የማነው?» አላቸው።

«የኔ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ወደ እኔ ዞረ። «እዚህ ተራ የለም፤ የፈለግኸው ጋ ተቀመጥ» አልኩት።

አልተቀመጠም።