ቆሞ የታተመው መጋጠሚያ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የሠራሁት የፕላስቲክ መጋጠሚያ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

የማስተምረው ሸዋ ሮቢት፣ ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ እያቀለጠ በስሱ እየደረበ ዕቃ የሚሠራው ስሪዲ ፕሪንተር ከመጣ ጀምሮ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሌላ የፈለገው ሰው አልነበረም። መጋጠሚያውን ያሠሩኝ ከከተማው ወጣ ብለው ሽንኩርት የሚያለሙ አባት ናቸው። በጀርባ የሚታዘለው የመድኃኒት መርጫቸው እጀታ ከፓምፑ የሚገናኝበት ፕላስቲክ ተሰብሮ መለዋወጫ ጠፋ። ተባዩ ደግሞ ቅጠሉን መምጠጥ ጀምሯል። ቶሎ ካልረጩ ሽንኩርቱ አለቀ ማለት ነው።

ገበሬው ሊሞክሩት እጀታውን ሲገፉ ነው የተሰበረው፤ ስብርባሪውን ከመሬት ሳነሳ የብየዳ አስተማሪው ሳቀ።

«የኔ እህት፣ ይሄ እኮ ለልደት ኬክ ማስጌጫ ነው የሚሆነው!»

«ተዋት እባክህ» አሉት ገበሬው። «አይዞሽ ልጄ፣ ብረትም ይሰበራል።»

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ማሳዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«ምን አለች?» ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

«ነገ አመጣለሁ ነው የምትለው፣ ጋሼ። ድምፅዋንም ማተም ሳይኖርባት አይቀርም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ ተጠራርተው ሲወጡ ድምፃቸውን በመስኮት ሰማሁ። በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አየሁት። የተሰበረበት ቦታ በቢላ የተቆረጠ ያህል ለስላሳ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ከድፍን ብረት እየቀነሱ መሥራት ነው። ብረት በየትኛውም ጎኑ ብረት ነው። ስለዚህ የድሮውን መጋጠሚያ ልክ ወስጄ በኮምፒውተር እንዳለ ሳልኩት፤ ሲታተምም ከሥሩ መደገፊያ እንዳይፈልግና እንዲያምር ብዬ ቆሞ እንዲወጣ አደረግሁት። ማሽኑ ግን እንደ ብሎኬት ግድግዳ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ ነው የሚጭነው። ግድግዳ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ከጎን ሲገፉት በረድፎቹ መሀል ይሰነጠቃል። ገበሬው የሚገፉት ከጎን ነው። ይህን የምጠይቀው ሰው ቢኖር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረኝ ነበር። በዚህ መሀል እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትደውል «ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለችኝ፤ «ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት።

አስተኝቼ ላትመው ብል ከጎኑ እንደ ቀንበጥ ወጣ ያለው ክፍል አየር ላይ ቀረ፤ ማሽኑ ደግሞ አየር ላይ መደረብ አይችልም። እንግዲህ የድሮውን መቅዳት ትቼ ከባዶው ጀመርኩ። ሥራው ምንድነው? ሁለት ብሎን መያዝና ግፊት መቻል። ቀንበጡን አስቀርቼ መጋጠሚያውን ጠፍጣፋ አደረግሁት፣ ሹል የነበሩትን ማዕዘኖች ክብ አደረግሁ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ አወፈርኩ። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የሚችል ፕላስቲክም መረጥኩ። አመሻሽ ላይ ተኝቶ ታትሞ ወጣ። ቅርፁ የድሮውን ጨርሶ አይመስልም፤ ያየልኝም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ብሎኖቹን ራሴ አሰርኩ። ገበሬው «ቢስሚላህ» ብለው መርጫውን አዘሉና መግፋት ጀመሩ። ያዘ። እየረጩ በትልሙ ራቁ፤ ወደ ኋላም አላዩም። መድኃኒቱ እንዳይነካኝ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆሜ፣ ፀሐዩ እስኪበረታና የመርጫው ገንዳ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጀታውን ብቻ ስመለከት ቆየሁ።