በጾም ድስት የበሰለ ገብስ

ባለቤቴ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሆስፒታል የወጡት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነበር። ሐኪሙ ለስላሳ ምግብ በጠዋት እንዲበሉ አዘዛቸው፤ የንስሐ አባታችንም ፈቀዱላቸው። እሳቸው ግን ሁለቱንም አመስግነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾማቸውን ቀጠሉ። ዘጠኝ ሲሞላ ደግሞ እንጀራው ይከብዳቸዋል። ጥቂት ቀምሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። በጋለ ምስማር ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ።

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃችን ይህን ስትሰማ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። በአውቶቡስ ጭኗ ላይ አቅፋ ያመጣችው ቀስ እያለ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነበር። ከውጭ ማሞቂያ አለው፤ ከውስጡ ወፍራም ጥቁር ሸክላ ይወጣል።

«ጠዋት ጥደነው ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ስንመለስ ገብሱ እንደ ቅቤ ይቀልጣል» አለችኝ።

«በሁዳዴ ቅቤ አትጥሪብኝ።»

ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት የፈተግሁትን ገብስ አጠብኩ፤ እሷ ከሞላሌ ገበያ ያመጣነውን ካሮትና ድንች ከጎመን ጋር ከተፈች። የባቄላ ክክም አዘጋጀን። ሽንኩርቱን ልጨምር የድስቱን ክዳን ሳነሳ የዶሮ ወጥ ሸተተኝ።

«ምን ሠርተሽበታል?»

«ለገና ዶሮ። ግን እማዬ፣ በፈላ ውሃ በሳሙና አጥቤዋለሁ።»

«ሸክላ የጠጣውን በሳሙና አይተፋም።»

«ለአባባ ካልነገርናቸውስ?»

«ይጠይቃሉ። ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

እኛ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት የሚቀመጡት ለየብቻ ነው። ማማሰያቸውም አይቀላቀልም። ባለቤቴ በልጅነታቸው በዲቁና ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በዶሮ ድስት የተሠራ መሆኑን ካወቁ ያችንም ትንሽ ጉርሻ ይተዋሉ።

ልጄ አቀርቅራ የከተፈችውን ካሮት መሰብሰብ ጀመረች። ያን ሁሉ መንገድ ታቅፋው ነው የመጣችው። ጥቁሩን ሸክላ አውጥቼ አስቀመጥኩና በምትኩ በጾም ሽሮ የምሠራባትን ድስቴን ማሞቂያው ውስጥ ከተትኳት። ገባች፤ ግን ጎኗ ስለ ያዛት ታቹን አልነካ አለች።

ልጄ ጎንበስ ብላ አየቻት። «በዚህ ከበሰለ እኔ ጳጳስ ነኝ።»

«እንግዲህ ባርኪን።»

ገብሱንና ክኩን አስቀድሜ በምድጃ ገንፈል አደረግኋቸው፤ አትክልቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨመርን፤ የፈላ ውሃ ሞላንበት። ዘይት ጠብ አደረግሁና ከደንኩት።

ቅዳሴው ላይ ልቤ አልነበረም። ያልበሰለ ገብስ እንኳን ለተቀደደ ሆድ ለጤነኛም አይሆንም። መብራቱም እንደ ልማዱ ይጠፋ ይሆናል። ባለቤቴ ከወንዶቹ በኩል በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ወደ መቋሚያው አብዝተው ያዘነበሉ መሰለኝ።

ቤት እንደ ደረስን ነጠላዬን ሳላወርድ ክዳኑን ከፈትኩ። መብራቱ አልጠፋም። አንድ ፍሬ ገብስ አውጥቼ በጣቴ ጫን ባደርገው ተዳመጠ። ክኩ ፈርሶ መረቁን አወፍሮታል። ልጄ ከኋላዬ ሆና ስታየኝ ቆይታ ሳህን ልታመጣ ሄደች።

ባለቤቴ ታጥበው ተቀመጡ። ሳህኑን አዩ፤ ከዚያ ጥግ የተቀመጠውን ማሞቂያ አዩ።

«በምን ድስት ነው?»

«በእኔ የጾም ድስት፣ በእሷ እሳት» አልኳቸው።

«በርበሬውስ የት ሄደ?»

«ሐኪሙ ዘንድ ቀረ፣ አባባ» አለች ልጄ።

ጸሎታቸውን አድርሰው ማንኪያውን አነሱ። እኔ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወደ እንስራው ዞር አልኩ። ማንኪያው ሳህኑን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ስዞር ባዶውን ሳህን ወደ ልጃቸው ዘርግተው ነበር።

«ጨምሪልኝ» አሉ። «ወፈር ያለውን፣ ከታች።»